በግመል ጀርባ የሚሄድ ቤት

የሸራ ድንኳን በእንጨት ከሚነድ ምድጃው ጋር የብርድ አገር ሰው ብልሃት ነው። አሜሪካዊው መኮንን ሄንሪ ሲብሊ እ.ኤ.አ. በ1856 ለእንዲህ ያለ ድንኳን የፈጠራ መብት አግኝቷል፤ ሾጣጣው የብረት ምድጃም በስሙ ይጠራል።

በድሬዳዋ ቆላ፣ በመልካ ጀብዱ ዙሪያ ግን፣ የሚያስቸግረው ብርድ ሳይሆን ፀሐይ ነው። ለዚህ የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች መላ አቃል የሚባለው ተነቃይ ቤት ነው።

አቃልን የምትሠራውም የምትተክለውም ሴቷ ናት። ምንጣፉን ከቃጫ የምትጎነጉነው እሷ፣ ጎባጣዎቹን እንጨቶች መሬት ተክላ አናታቸውን በገመድ የምታስረውም እሷ። ከዚያ ምንጣፎቹ ይደረባሉ። ከሐሩሩ ሸሽቶ ጎንበስ ብሎ የገባን ሰው ጥላ ይቀበለዋል።

ይበልጥ የሚደንቀው ግን ጉዞው ነው። ቤቱ ሲነቀል ምንጣፉ ተጣጥፎ የግመሉን ጀርባ ከጭነቱ ይጠብቃል፤ ጎባጣዎቹ እንጨቶች በግራና በቀኝ ቅስት ሠርተው ይታሰራሉ፤ የወተት ዕቃው በመካከላቸው ይንጠለጠላል። ትንንሽ ልጆችም አንዳንዴ እዚያው ላይ ይሳፈራሉ። ቤቱ ራሱ መጫኛ ሆነ ማለት ነው! የትኛው የሸራ ድንኳን ይህን ያህል ያገለግላል?

ዛሬ በብዙ አቃል ላይ ሸራ፣ ላስቲክና አሮጌ ጨርቅ ተደርቦ ይታያል። ከሥሩ ያለው ግን ያው ጎባጣ እንጨት ነው።