አያትየዋ ቤታቸው ገቡ

ታናሽ ወንድሜ ስለ ቁማር ሲያወራ ግሱን ይመርጣል። ሲያሸንፍ «በላሁ» ነው። ሲሸነፍ ግን «ተበላሁ» ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ «ትኬቷ ተቃጠለች» ይላል። ብሩን ያወጣው እሱ፣ ጨዋታዎቹን የመረጠው እሱ፣ መቃጠሉ ላይ ግን እሷ ብቻዋን ናት። ለፋሲካ ወደራ ወርጄ አብሬው አምስት ቀን ስቆይ ይህቺን አባባል ደጋግሜ ሰማኋት። በዚያው ሰሞን በስልኬ የማነበው የዶስቶየቭስኪን «ቁማርተኛው» ነበርና ሁለቱ ተቀላቀሉብኝ። ይሄ የመጽሐፍ ሂስ ነው፤ ወንድሜ ግን በየመሃሉ እየገባ ያስቸግራችኋል።

መጽሐፉ አጭር ነው። በሀዋሳና በክብረ መንግሥት አድርጎ ወደ ነጌሌ ቦረና በሚወርደው መንገድ ላይ ከጀመራችሁት፣ ወደራ ሳትደርሱ አብዛኛው ያልቃል (ኔትወርክ እየጠፋ ስለሚሄድ የሚረብሻችሁም የለም)። ዶስቶየቭስኪ የጻፈው በ1866 ጥቅምት ላይ፣ በ26 ቀን ነው። ስቴሎቭስኪ ከሚባል አሳታሚ ጋር በገባው ውል፣ እስከ ኅዳር 1 አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ ሰውየው ሥራዎቹን ለዘጠኝ ዓመት ያለ ክፍያ ያትማል። እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፣ ዴድላይን አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላጋጠመኝም። አና ስኒትኪና የምትባል የ20 ዓመት ወጣት ቀጥሮ፣ እሱ እየተናገረ እሷ በአጭር ጽሕፈት እየያዘች ለጥቂት ደረሰ። በኋላ አገባት። ስለ ሩሌት የሚያወራውም ከሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ራሱ ብዙ ተበልቷል። መጽሐፉን ከጻፈ በኋላም እስከ 1871 ድረስ መበላቱን አላቆመም። ነገሩን ጠንቅቆ ማወቅ ያድናል የምትሉ ካላችሁ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ።

ታሪኩ የሚሆነው ሩሌተንበርግ በምትባል የፈጠራ የጀርመን ከተማ ነው። ተራኪው አሌክሲ ኢቫኖቪች በዕዳ የተዘፈቀ ጄኔራል ቤት የልጆች አስተማሪ ነው። ጄኔራሉና አጃቢዎቹ ሞስኮ ያሉ፣ «አያት» እያሉ የሚጠሯቸው የ75 ዓመት ሀብታም ዘመድ እስኪሞቱላቸው ውርስ ይጠብቃሉ። ሞቱ ወይ እያሉ ቴሌግራም በቴሌግራም ላይ ይልካሉ። አሮጊቷ ግን አይሞቱም፤ ጭራሽ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ በሰው ሸክም ከተፍ ይላሉ። ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ቦታ ይሄ ነው። መጥተውም ሩሌት አሳዩኝ ይላሉ። ዜሮ ላይ ካላስያዝኩ ብለው ይደርቃሉ። ጥቂት ተበልተው ዜሮ ወጣ፤ 35 እጥፍ። ቀጠሉ፤ እንደገና ወጣ። በማግስቱ ያሸነፉትንም ይዘውት የመጡትንም፣ ቦንዳቸውን በማይረባ ዋጋ እያስመነዘሩ፣ ሙልጭ ብለው ተበሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ነገር፣ በፈረንሳይኛ በሚያወራ አዳራሽ ውስጥ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ፤ ታገሱኝ። ሩሌት ላይ ከ1 እስከ 36 ቁጥር አለ፣ አያትየዋ የወደዱት ዜሮ ሲጨመር 37 ይሆናል። ቤቱ የሚከፍለው ግን ዜሮ እንደሌለ አድርጎ ነው። ይህቺ ልዩነት ከ100 ብር 2 ብር ከ70 ትሆናለች። አሜሪካኖች በሁለት ዳዶ የሚጫወቱት ክራፕስ ደግሞ ከዚህም ይሻላል፤ በዋናው ውርርድ የማሸነፍ ዕድላችሁ ከ495 አንድ ጊዜ ሳይሆን 244 ጊዜ ነው፤ ቤቱ የሚያስቀረው ከ100 ብር 1 ብር ከ41 ገደማ። ሳንቲም እንደመወርወር ቁጠሩት። ሳንቲም 100 ጊዜ ስትወረውሩ ደግሞ አንድም ቦታ ላይ አምስት ተከታታይ ሽንፈት ሳያጋጥማችሁ የምትጨርሱበት ዕድል ከአምስት አንድ ገደማ ብቻ ነው። ይሄን በሃያ መስመር ኮድ ጽፌ ለወንድሜ ላፕቶፔ ላይ አሳየሁት። «አየህ፣ ማንም ሳይረግምህ፣ ምንም ሳይበላሽ፣ አምስቴ መበላት እንዲሁ የሚመጣ ነገር ነው።»

አይቶ አይቶ፣ «እና ስድስተኛው ይበላል ማለት ነዋ?» አለኝ።

አይደለም። ዳዶ ያለፈውን አያስታውስም። በተበላህ ቁጥር እጥፍ አድርግ የሚሉትም እንደዚያው ነው። በ10 ብር ጀምራችሁ ሰባቴ ከተበላችሁ 1,270 ብር ወጥቷል፤ ስምንተኛው ላይ 1,280 ብር የምታስይዙት መጨረሻ ላይ 10 ብር ለማትረፍ ነው። ያውም ይሄ ለዳዶ ነው። ወንድሜ የሚቆርጠው ትኬት አሥር ግጥሚያ አለበት። በእያንዳንዱ ላይ ቤቱ ከ100 ብር 5 ብር ቢያስቀር እንኳ፣ አሥሩ ሲባዙ ከ100 ብሩ 40 ገደማ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ሄዷል። አያትየዋ ከእሱ ይሻላሉ። ዘጠኙ ገብተው በአንዷ ስትቃጠል ደግሞ እንደ ሽንፈት አይቆጥራትም፤ «ለትንሽ» ይላታል፣ በጣቱ እየለካ።

ይሄ ሁሉ ግን መጽሐፉ ውስጥ የለም። ዶስቶየቭስኪ ያየው ሌላ ነው፤ ለማየትም ምን ያህል ገጽ ለምን እንደሰጠ መቁጠር ይበቃል። አሌክሲ 200,000 ፍራንክ ያሸነፈባትን ሌሊት በዝርዝር ይተርካታል፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ክምሩ፣ ኪሱ እስኪከብደው። ከዚያ ፓሪስ ሄዶ ብሩ በሳምንታት ይተናል። ከዚያም አንድ ዓመት ከስምንት ወር ዝለሉ፤ በመሃሉ የሰው አሽከር ሆኗል፣ በዕዳ ታስሯል። ይሄን ሁሉ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጎ ያልፈዋል። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን፣ ምሳ ልብላበት ብሎ የያዛትን የመጨረሻ ሳንቲም መልሶ ቁማር ላይ ጥሎ ያሸነፈባትን ቀን እንደገና ዘርዝሮ ይነግረናል። ተራኪው ራሱ ቁማርተኛ ስለሆነ ትረካው ራሱ የቁማርተኛ ሒሳብ ነው፤ ገቢው በዝርዝር፣ ወጪው በጅምላ። ይሄን ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩ። ወንድሜ ስንት እንደተበላ ስጠይቀው «እንጃ፣ ምናምን» ነው መልሱ። የበላትን አንዷን ትኬት ግን አሥሩንም ቡድን፣ ጎል የገባበትን ደቂቃ ጭምር ያውቃል። ከዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው።

በተቃራኒው የሚቆጥር ሰው ማየት ከፈለጋችሁ አጎቴን ልውሰዳችሁ። ከነጌሌ ወዲያ ሊበን ቆላ ላይ ከብት ነበራቸው። ከ2013 ጥቅምት ጀምሮ እስከ 2015 ድረስ ደቡቡ ቆላ ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ፤ የበልጉም፣ የሀገያውም። አጎቴ ያለቁባቸውን ላሞች አንድ በአንድ ይቆጥሩላችኋል፣ በቀለማቸው፣ በእናታቸው፣ የወደቁበትን ቦታ ጨምረው። ስለተረፉት ስጠይቃቸው ግን «አሉ» ብለው ዝም አሉ።

መጀመሪያ እሳቸውንም ከወንድሜ ጋር አንድ ላይ ደምሬያቸው ነበር። ሁለቱም ከሸፈ፣ ሦስቱም ከሸፈ፣ እንግዲህ አራተኛው ይዘንባል ብለው ሳይሸጡ የጠበቁ መስሎኝ። ይሄን በትሕትና ጠቅልዬ ጠየቅኋቸው። «ዝናብ የኔ ዕዳ አለበት እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። ለካ ሁለተኛው ሲከሽፍ ሊሸጡ ገበያ አውርደው ነበር፤ ያገሩ ሰው ሁሉ አውርዶ ኖሮ የከሳ ከብት የሚገዛ ጠፋ። ስህተቱ የእኔ ነበር። ዝናብ እንደ ዳዶ አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት ላ ኒና ሦስት ዓመት ተከታትላ ስለመጣች አንዱ ክሽፈት ከሌላው ጋር የተያያዘ ነበር፣ ቀድሞም ተተንብዮ ነበር። አጎቴ ማወቅ አላነሳቸውም፤ የሚወጡበት በር ነው የጠፋው።

ወደ አያትየዋ የመለሰኝ ይሄ ነው። «ቁማርተኛው» ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያወራው የአሌክሲን የመጨረሻ ገጽ ነው። አያትየዋ ግን ካለቀባቸው በኋላ ምን አደረጉ? ሚስተር አስትሌ ከሚባለው እንግሊዛዊ የመንገድ ገንዘብ ተበድረው ወደ ሞስኮ ተመለሱ። ሞኝነታቸውን በራሳቸው አፍ ተናገሩ፣ ልሠራው ብዬ የተሳልኩትን ቤተ ክርስቲያን ገና እሠራለሁ አሉ፣ ፖሊናንም ነይ አብረን እንሂድ አሏት። ያበዱት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ተከታታይ ሽንፈት ሲመጣ «ገደብ አብጅ፣ ተነስ፣ ውሃ ጠጣ፣ ቤትህ ሂድ» የሚለውን የተለመደ ምክር በሙሉ የፈጸሙት እሳቸው ናቸው። የፈጸሙትም ከአሌክሲ በላይ ብልህ ስለሆኑ አይመስለኝም። ሞስኮ መንደርም ቤትም አላቸው። አሌክሲ ነገ ነገ የሚለው ከጠረጴዛው ሲነሳ የሚቀመጥበት ሌላ ወንበር ስለሌለው ነው።

ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈተነው በ2015 ነው። በዚያ ዓመት በአገሪቱ 50 በመቶና በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በፊተኛው ዓመት 3.3። ከመቶ ተማሪ 97 ገደማ የሚወድቅበትን ጨዋታ ምን ብለን እንደምንጠራው አላውቅም፤ ክራፕስ ግን አይደለም። ከዚያ ወዲህ ወርቅ ፍለጋ ወደ ሻኪሶ አካባቢ ሄዶ ተመልሷል፣ ባጃጅ በተራ ነድቷል። ውርርድ ቤቱ ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር አለ፣ ጥላ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ «ዛሬስ ምን አሰብክ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አለ። እኔ ሃያ መስመር ኮድ ይዤለት ሄድኩ።

መጽሐፉን የምወቅስበት ነገር ግን አለኝ። አሌክሲ ሩሌትን የሩሲያ ነፍስ ጉዳይ ያደርገዋል። ጀርመኖች ትውልድ በትውልድ ላይ ሳንቲም ያጠራቅማሉ፣ እኛ ሩሲያውያን ግን በአንድ ሌሊት፣ ምናምን። ያስቃል፣ ግን ስንፍና ነው። የቁማር ቤቱ ባለቤት ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ አንድም ጊዜ አይታይም። ገንዘቡን በመጥረጊያ የሚሰበስቡትን ሠራተኞች እናያለን፤ የሚሰበሰብለትን ሰው አናይም። ነፍስን እንዲህ የሚመረምር ጸሐፊ ዜሮዋን ማን እንዳስገባት አንዴም አይጠይቅም። ወደራም እንደዚያው ነው። ትኬት የሚቆርጠውን ልጅ አውቀዋለሁ፣ የወንድሜ የክፍል ጓደኛ ነው፤ እሱም ደሞዙን እዚያው ይቆርጥበታል። ከእሱ በላይ ያለውን ማንም አላየውም።

በመጨረሻው ቀን ማታ እዚያው ቤት ቁጭ ብለን የአያትየዋን ታሪክ በአማርኛ እየመለስኩ ነገርኩት። መጀመሪያ እያሾፈ ነበር፤ ዜሮ ደግሞ ሲወጣ «ኧረ!» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ሲያልቅ፣ «ከዚያስ?» አለ።

«ቤታቸው ገቡ።»

«አቦ፣ እሳቸውማ አላቸው» አለና ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ መብራት ሄደ። አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ነበርን፤ አንድም የተነሳ የለም። ልጁ ጄኔሬተሩን ለማስነሳት ገረባውን እየረገጠ በጨለማው ወደ ጓሮ ወጣ፣ ወንድሜም ትኬቱን በስልኩ መብራት ማየቱን ቀጠለ።