ማንም ያልነገራት ልጅ፦ «ኬሪ» የተሰኘው ፊልም ለመጋቢ የሚያነሣው ጥያቄ

ብራያን ደ ፓልማ ያዘጋጀው «ኬሪ» ለእይታ የበቃው በ1976 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ የተወሰደው ስቲቨን ኪንግ በ1974 ካሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ነው። ዘመኑ ሰይጣንን የሚያሳዩ አስፈሪ ፊልሞች የበዙበት ነበር፤ «ዘ ኤግዞርሲስት» በ1973፣ «ዘ ኦመን» በዚያው በ1976 ወጥተዋል። «ኬሪ» ከእነዚህ ጋር አብሮ ቢቆጠርም አንድ ነገር ይለየዋል፤ ሰይጣን በታሪኩ ውስጥ አይታይም። ስለ ሰይጣን ያለ ዕረፍት የምትናገር እናት ግን አለች።

ውድ አንባቢ፣ መጋቢ ስለዚህ ዓይነት ፊልም ለምን ያነባል ብለህ ብትጠይቅ ተገቢ ነው። ይህን ፊልም ወይም በ2013 እንደ አዲስ የተሠራውን በሶዶ ከተማም ሆነ በየወረዳው ያሉ ወጣቶቻችን በእጅ ስልካቸው ሊያገኙት ይችላሉ። አይተው ሲጨርሱም «ይህች ልጅ ያለባት ክፉ መንፈስ ነው?» ብለው ይጠይቁናል። ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ፊልሙ ራሱ ያሳያል።

ታሪኩ በአጭሩ

ኬሪ ዋይት (ሲሲ ስፔሴክ) በእኩዮቿ የምትናቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ በኋላ በትምህርት ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ሳለች የመጀመሪያዋ የወር አበባ ይመጣባታል። ምን እንደሆነ አታውቅም። የምትሞት መስሏት በደም በተነከረ እጇ ልጃገረዶቹን እየያዘች ርዳታ ትለምናለች። እነርሱ ግን የንጽሕና መጠበቂያ እየወረወሩባት ይሥቃሉ። ቤት ስትገባ እናቷ ማርጋሬት (ፓይፐር ሎሪ) በያዘችው መጽሐፍ ትመታታለች፤ ኃጢአቷን እንድትናዘዝም በጠባብ ጓዳ ትቆልፍባታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኬሪ ዕቃን ሳትነካ በሐሳቧ የማንቀሳቀስ ኃይል እንዳላት እየተረዳች ትሄዳለች።

ከሣቁባት አንዷ የሆነችው ሱ ስኔል ይጸጽታትና ቶሚ የተባለው ጓደኛዋ ኬሪን ወደ ትምህርት ማብቂያው የዳንስ ግብዣ እንዲወስዳት ታደርጋለች። በግብዣው ላይ ኬሪ የምሽቱ ንግሥት ተብላ ዘውድ ይደፋላታል። ክሪስ የተባለችው ተማሪ ግን ከላይ የተንጠለጠለ ባልዲ አዘጋጅታ የአሳማ ደም ታፈስስባታለች። ኬሪ በሮቹን በኃይሏ ዘግታ አዳራሹን ከነሰዉ ታጠፋለች። ቤቷ ስትመለስ እናቷ በቢላዋ ትወጋታለች፤ እርሷም በወጥ ቤት ቢላዎች እናቷን ትገድላለች። በመጨረሻም ቤቱ በሁለቱም ላይ ይፈርሳል። ሁለቱ ተዋንያን በዚህ ሥራቸው ለኦስካር ታጭተዋል፤ በተለይ የእናቲቱን ሚና ያየ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም።

የእናቲቱ መጽሐፍ

ብዙ ክርስቲያኖች ፊልሙን የሚቃወሙት «አማኝን ጭራቅ አድርጎ አቅርቧል» በማለት ነው። ተቃውሟቸው መሠረት አለው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድመን ግን እናቲቱ የምታነበውን በጥንቃቄ እንስማ። ልጇን እየመታች የምታስደግማት ቃል ሔዋን ደካማ እንደ ነበረች፣ ቁራን ወደ ዓለም እንደ ለቀቀች፣ ቁራውም ኃጢአት እንደሚባል፣ እግዚአብሔርም በደም እርግማን እንደ ቀጣት የሚናገር ነው።

የሥነ መለኮት ተማሪ እዚህ ላይ እርሳሱን ማንሣት አለበት። በዘፍጥረት 3 ቁራ የለም፤ ቁራ የምናገኘው በዘፍጥረት 8 በኖኅ መርከብ ነው። በዘፍጥረት 3፥16 ላይ የተነገረው ስለ መውለድ ጭንቅ ነው እንጂ የወር አበባ አልተጠቀሰም። በዘሌዋውያን 15፥19-24 የተሰጠው ሥርዓት ስለ መንጻት ይናገራል፤ ለመደበኛው የወር አበባ ግን የኃጢአት መሥዋዕት አይጠይቅም። ማርጋሬት የምታነበው መጽሐፍ ቅዱስ የሚመስል ነገር ግን ያልሆነ ጽሑፍ ነው። ደራሲዎቹ ይህን አስበው ያድርጉት አያድርጉት፣ ውጤቱ አስተማሪ ነው። ልጅቷን ያደቀቃት የእግዚአብሔር ቃል ሳይሆን የቃሉን ድምፅ ተውሶ የተነገረ የሰው ፍርሃት ነው።

የማርጋሬት ስሕተት አካልን እንደ እርግማን ማንበብ ነው። ይህ ስሕተት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በወላይታ ደጋማ ቀበሌዎች ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት ለረጅም ጊዜ እንደ ቁጣ ወይም እንደ ዘር እርግማን ሲታይ ኖሯል። መንሥኤው ግን በባዶ እግር የሚረገጠው ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው ቀይ አፈር ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በጫማና በመታጠብ ሊከላከሉት ይቻላል። ሆኖም በሽታው የያዘው ወጣት ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ለጋብቻ ሲጠይቅም ፊት ይነሣል። የሕክምና ሚስዮናዊው ዶክተር ናታን ባርሎ በሶዶ የጀመሩት ለእነዚህ ሕሙማን የሚደረግ አገልግሎት ከመድኃኒቱ ባልተናነሰ ያስተማረን ነገር አለ፤ ሰው አጎንብሶ የሌላውን እግር ሲያጥብ እርግማን የሚለው ወሬ አቅም ያጣል።

ዝም ያለ ቤት

ኬሪ እናቷን የምትወቅሰው ስለ ዱላው አይደለም። የምትጠይቀው «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ነው። በእኔ ንባብ የፊልሙ ሁሉ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። እናት ዝም ስላለች ልጅቷ እውነቱን የተማረችው ከሚሥቁባት አፍ ነው።

በእኛም አገር ይህ ዝምታ የቆየ ነው። በመቀሌ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ መሥርተው እየታጠበ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ የሚያመርቱት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2019 የሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ተብለው ሲሸለሙ ዓለም የሰማው ስለ ጨርቅ ብቻ አልነበረም። በኀፍረት ምክንያት ከክፍል ስለሚቀሩ ልጃገረዶችም ሰማ። ጥያቄው ወደ እኛ ሲዞር ይከብዳል። በጉባኤያችን ስለ ዝሙት የሚሰበክበትን ጊዜ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ አካሏ ያለ ኀፍረት ከምትማርበት ጊዜ ጋር ብናነጻጽር የቱ ይበልጣል? የመጀመሪያውን ብቻ የሰማች ልጅ ሁለተኛውን ራሷ ትደመድማለች፤ አካሌ ኃጢአት ነው ትላለች።

ሣቁ

እናቲቱ ኬሪን ከቤት እንዳትወጣ ስትከለክላት ሁሉም እንደሚሥቁባት ደጋግማ ትነግራታለች። ደሙ ሲፈስስባት የሆነውን ልብ በሉ። በአዳራሹ ጥቂቶች ይሥቃሉ፤ የሚበዙት ደንግጠው ቆመዋል። በኬሪ ዐይን ግን ሁሉም ይሥቃሉ፤ ስታጽናናትና ስትከላከልላት የነበረችው የስፖርት መምህርቷ ሚስ ኮሊንስ እንኳ በእርሷ ዕይታ ከሚሥቁት ጋር ናት። መምህርቷም በዚያው ትሞታለች። በልጅነቷ የተተከለባት ቃል መነጽር ሆኖባት ወዳጅና ጠላትን መለየት አቅቷታል። ቆስሎ ያደገ ሰው ደግነታችንን እንደ መሣለቂያ ሲቆጥርብን ቶሎ «ልቡ ደንድኗል» ለምንል አገልጋዮች ይህ ትዕይንት ትዕግሥትን ያስተምራል።

የሱ ጸጸትም ሊመረመር ይገባዋል። ሱ እውነተኛ ጸጸት አላት፤ ቶሚን ለበጎ ብላ ነው የላከችው። ነገር ግን ወደ ኬሪ ሄዳ «በድዬሻለሁ» አትላትም። በማቴዎስ 5፥23-24 ጌታ መባውን ትቶ ሄዶ እንዲታረቅ የሚያዝዘው ባለ ጉዳዩን ራሱን ነው። በሰው በኩል የተላከ ስጦታ፣ ያማረም ቢሆን፣ ዕርቅን አይተካም። በእኛ ዘንድ ጪናሻ እየተባሉ ከሌላው ጋር በጋብቻ እንዳይተሳሰሩ ሲደረጉ የኖሩ የሸክላ ሠሪ ቤተ ሰቦች አሉ። ለእነርሱ ርዳታ መስጠትና «በስምህ ስንሥቅብህ ኖረናል፤ ይቅር በለን» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሳምሶንና ጌታችን

አዳራሹ የሚጠፋበት ትዕይንት መጽሐፍ ቅዱስን ለሚያውቅ መሳፍንት 16ን ያስታውሰዋል። በዚያም ለመሣለቅ የተሰበሰበ ሕዝብ፣ መዘበቻ የሆነ ሰው፣ በድንገት የተመለሰ ኃይልና በሁሉም ላይ የሚወድቅ ቤት አለ። ተመልካች በኬሪ በቀል ውስጡ ሲረካ ይሰማዋል፤ ፊልሙም ይህን እርካታ ይፈልገዋል። እርካታው ግን የሚቆየው ንጹሐኑ መሞት እስኪጀምሩ ድረስ ነው።

በማቴዎስ 27 ደግሞ ሌላ የተዘበተበት ንጉሥ አለ፤ ልብስ አልብሰው፣ ዘውድ ደፍተው፣ እየሰገዱ ተሣለቁበት። በማቴዎስ 26፥53 እንደ ተናገረው ከአሥራ ሁለት ጭፍራ የሚበልጡ መላእክትን መጥራት ይችል ነበር፤ አልጠራም። የወላይታ ቤተ ክርስቲያን ይህን መንገድ ከመጽሐፍ ብቻ አላወቀችውም። ሚስዮናውያኑ በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ ያህል ነበሩ። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ መሪዎች ታሥረው ተገረፉ። ወረራው ካለፈ በኋላ የተገኘችው በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች ያሏት ቤተ ክርስቲያን እንጂ ቂሟን የምትወጣ ጉባኤ አልነበረችም። ለተዋረደ ወጣት ልንሰጠው የምንችለው ትልቁ ቅርስ ይህ ነው። ሆኖም «ይቅር በል» የምንለው አጠገቡ ቆመን የሚሣለቁበትን ካስቆምን በኋላ መሆን አለበት፤ አለዚያ ምክራችን ሌላ ሸክም ይሆንበታል።

ፊልሙ የማያየው

አሁን ወደ ተቃውሞው ልመለስ። ፊልሙ ሁለት ድካም አለበት። የመጀመሪያው፣ መታጠቢያ ክፍሉን ሲያሳይ የልጃገረዶቹን ራቁትነት በቀስታ እያጣጣመ መሆኑ ነው፤ ስለ ኀፍረት የሚናገር ሥራ ራሱ ያዋርዳል። በዚህም ምክንያት ለወጣቶች ጉባኤ እንድታሳዩት አልመክርም። ሁለተኛው፣ በታሪኩ ውስጥ እምነት ያላት ብቸኛ ሰው ማርጋሬት መሆኗ ነው። አንድም ጉባኤ፣ አንድም መጋቢ አናይም። ማርጋሬት በራሪ ጽሑፍ ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር የሱ እናት ጥቂት ገንዘብ ሰጥታ ታሰናብታታለች። ፊልሙ ለእምነት ያልተበላሸ መልክ መስጠት አልቻለም። ነገር ግን ሳያስበው አንድ እውነት ትቷል፤ ማርጋሬትን የሚያርማት፣ ንባቧን የሚፈትንላት፣ ባሏ ጥሏት ሲሄድ ያጽናናት ማኅበር አልነበራትም። ከጉባኤ የተለየ መንፈሳዊነት ወዴት ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ማርቆስ 5

ወጣቶቹ ወደሚጠይቁን ጥያቄ እንመለስ። ክፉ መናፍስት እንዳሉ ቅዱሳት መጻሕፍት ይመሰክራሉ፤ ጌታ በማርቆስ 5 መጀመሪያ ላይ ሌጌዎን የተባለውን አውጥቷል። በዚያው ምዕራፍ ግን ሁለት ሰዎች ይከተላሉ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች ሴትና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ጌታ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ምንም መንፈስ አልገሠጸም። ደም የሚፈስሳትን ሴት በሕዝብ ፊት ሳያሳፍር ልጄ ብሎ ጠራት። በኢያኢሮስ ቤትም ሰዎች በሣቁበት ጊዜ የሚሥቁትን ወደ ውጭ አወጣ፤ የልጅቷን አባትና እናት ግን ይዞ ገባ። ከተነሣች በኋላም የምትበላው እንዲሰጧት አዘዘ።

በአንድ ምዕራፍ ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ልዩ ልዩ አገልግሎቶች። ለሦስቱም አንድ ጸሎት ብቻ የሚያውቅ አገልጋይ ከማርጋሬት ብዙም አልራቀም። በትምህርት ቤት የወደቀች ወይም ራሷን ያገለለች ልጅ ወደ እናንተ ስትመጣ እጅ ከመጫናችሁ በፊት ምን እንዳገኛት ጠይቁ፤ የምታምናት እናት ከጎኗ ትቀመጥ፤ ካስፈለገም ወደ ጤና ጣቢያ ላኳት። በሰንበት ትምህርት፣ በመዘምራን፣ በወጣቶች ኅብረት የሚሥቁ ካሉም የመጀመሪያው ተግሣጽ ለእነርሱ ይሁን። በፊልሙ ያለው ርእሰ መምህር የኬሪን ስም እንኳ በትክክል መጥራት አልቻለም። መጋቢ ግን በጎቹን በስማቸው የሚጠራውን እረኛ የሚያገለግል ነውና፣ ከመገሠጹ በፊት የልጅቷን ስም ይወቅ።