ጅብና ጠይብ፤ በቪዲዮ ጨዋታዎች ውስጥ ስለሚመላለስ አንድ አውሬ

ተረትን የሚያጠና ሰው፥ አንድ አውሬ ከአገር ወደ አገር፣ ከዘመን ወደ ዘመን እየተሻገረ በልዩ ልዩ ስም ሲገለጥ ቢያገኘው አይደነቅም። በአፍ የሚተላለፍ ነገር በደረሰበት ሁሉ መልኩን መለወጡ የታወቀ ነውና። ዛሬ ግን ይህ መሻገር በአፍ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ፥ ቀድሞ አያት ለልጅ ልጁ ይተርከው የነበረውን አውሬ ሁሉ ሰብስቦ ይዞታል። ሀብት የሚጠብቀው ዘንዶ፣ ከመቃብር የሚነሣው ሬሳ፣ ሣጥን መስሎ የሚውጠው ጭራቅ፣ በየመንደሩ መግቢያ ሰይፍ የሚሸጠው ቀጥቃጭ፥ እነዚህ ሁሉ ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው የሚመላለሱ ናቸው። ከነዚህም መካከል የኢትዮጵያን ሕዝብ ልማድ ለሚመረምር ሰው ይልቁንም ሊታሰብበት የሚገባው፥ ጅብ ራስ ሆኖ እንደ ሰው በሁለት እግሩ የሚሄደው ፍጡር ነው። የዚህ ፍጡር ታሪክ ሲመረመር፥ በኢትዮጵያ አንድ የነበረው ነገር በጨዋታው ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ መገኘቱ ይታያል፤ የዚህም ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይኸው መከፈል ነው። (ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተለየ በቀር ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

የአውሬው ጥንተ ታሪክ በጽሑፍ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ የሮማዊው የፕሊኒዮስ መጽሐፍ ነው። በ77 ገደማ በቀረበው “የተፈጥሮ ታሪክ” በተባለው ሥራው፥ በስምንተኛው መጽሐፍ ስለ ጅብ ሲናገር፥ በእረኞች ጎጆ አጠገብ ሆኖ የሰውን ንግግር እንደሚያስመስል፣ የአንዱን ሰው ስም ተምሮ በስሙ እየጠራ ወደ ውጭ ካወጣው በኋላ እንደሚቦጫጭቀው፣ ጥላው ያረፈበትም ውሻ መጮኽ እንደሚሳነው ይተርካል። ጅብ ከኢትዮጵያ አንበሳ ጋር ሲገናኝ ክሮኮታ የሚባል አውሬ ይወለዳል፤ እርሱም የሰውንና የከብትን ድምፅ ያስመስላል ይላል። ከዚህም ሌላ አፉ እስከ ጆሮው የተሰነጠቀ፣ በጥርስ ፈንታ አጥንት ያለው፣ እንደ ሰው የሚናገር ሌውክሮኮታ የተባለ አውሬ በኢትዮጵያ አራዊት መካከል ይቈጥራል። እርግጥ ፕሊኒዮስ “ኢትዮጵያ” ሲል ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ ማለቱ ነው እንጂ የዛሬውን አገር ለይቶ መጥራቱ አይደለም፤ የጻፈውም ከሌሎች መጻሕፍት ሰብስቦ ነው እንጂ አይቶ አይደለም። ሆኖም በስም ጠርቶ የሚያወጣ ጅብ ከዚህ ምድር ስም ጋር በጽሑፍ ከተያያዘ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው።

ከመጽሐፍ ወደ ጨዋታ የተሻገረው በአሜሪካ ነው። በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን “ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ” የተባለውን፥ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚጫወቱትን ጨዋታ አወጡ። በዚያ ጨዋታ “ኖል” የሚባል ፍጡር ነበር፤ ስሙ ከአየርላንዳዊው ደራሲ ከሎርድ ደንሴኒ ድርሰት የመጣ ሲሆን በመጀመሪያ ከጅብ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በ1977 በወጣው የጨዋታው የአራዊት መጽሐፍ ግን ኖል የጅብ ራስ ያለው ሰው መሰል ሆነ። የፕሊኒዮስም ሌውክሮኮታ ስሙ ጥቂት ተለውጦ፣ የሰው ድምፅ ማስመሰሉም ሳይቀርበት፥ በዚያው መጽሐፍ ተመዘገበ። እንግዲህ በአንድ መጽሐፍ ሁለት ጅብ መሰል ፍጥረቶች ተገኙ፤ አንደኛው የሰውን ድምፅ፥ ሁለተኛው የሰውን አካል ይዞ።

ከዚያ በኋላ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ሁለቱንም ወረሱ፤ ዕድላቸው ግን አንድ አልሆነም። ድምፀ ሰው የነበረው አውሬ በ1987 በወጣው “ኔትሃክ” ውስጥ የሚነክስና የሚቧጭር ፈጣን እንስሳ ሆነ። ኖል ግን በዛ። በ1998 “ባልደርስ ጌት” በተባለው ጨዋታ ምሽግ ይዞ እስረኛ ሲጠብቅ ይገኛል፤ በ2004 በወጣው “ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት” ውስጥ ደግሞ ሆገር የተባለው የኖል አለቃ የብዙ ጀማሪ ተጫዋቾች መፈተኛ ነበር። በ2014 የታተመው የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛው የአራዊት መጽሐፍ፥ ኖሎች አንድ ጋኔን ከጣለው ሥጋ የበሉ ጅቦች ተለውጠው የተገኙ መሆናቸውን፣ ከረኀብና ከመግደል በቀርም ሌላ አሳብ እንደሌላቸው ገለጠ። የቤልጅጉ ላሪያን ስቱዲዮስ በ2023 ያወጣው “ባልደርስ ጌት 3” ይህንኑ በሥዕል አሳየ፤ በመንገድ ላይ ተኝተው የሚያጣጥሩ ጅቦች ቆዳቸው እየተቀደደ ኖል ሆነው ይነሣሉ።

በኢትዮጵያ የሚታመነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ጅብ ሰው አይሆንም፤ ሰው ነው ጅብ ይሆናል የሚባለው። ቡዳ የተባለው ሰው ቀን ከሰው ጋር ሲሠራና ሲገበያይ ይውላል፤ ሲመሽ ግን ጅብ ሆኖ ይወጣል ይሉታል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ ብዙ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፥ በ1831 በታተመው የሕይወት ታሪኩ፥ ጆሮአቸው ላይ ጉትቻ የተገኘባቸውን ጅቦች ነገር ይጠቅሳል። ጉትቻው እንደ ምስክር ይቈጠር ነበር፤ ጌጡ የሠሪው ነውና። የነገሩም ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቡዳ ይባል የነበረው ማንም ሰው ሳይሆን ይልቁንም ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ነበር። ከ“ጠቢብ” ጋር የሚዛመደው “ጠይብ” የሚለው ቃል በአንድ በኩል የእጅ ባለሙያ፥ በሌላ በኩል ቡዳ ተብሎ መፈታቱ ሐሜቱ እስከ ቋንቋው ሥር መግባቱን ያስረዳል። ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 ስለ አማራው የቡዳ እምነት፣ ሐጋር ሳላሞን ደግሞ በ1999 “የጅብ ሰዎች” በሚል ስም ስለ ቤተ እስራኤል ያወጡት ጥናት፥ ይህ እምነት በመሬት ባለቤቱና በእጅ ባለሙያው መካከል ካለው ኑሮ ተለይቶ ሊታይ እንደማይችል አሳይተዋል።

ወደ ወላይታ ሲመጡ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ከሶዶ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው የዳሞት ወይዴ ከተማ በዴሳ፥ እንደ ሌሎቹ የወላይታ ገበያዎች ሁሉ፥ ጀበናና ድስት ለሽያጭ የሚቀርብባት ናት። ሸክላ የሚሠሩት ቤተሰቦች በወላይታ ጭናሻ ሲባሉ ኖረዋል፤ ገበሬውም ከእነርሱ ጋር አይጋባም ነበር። አሉላ ፓንክረስትና ዲና ፍሪማን በ2001 ያዘጋጁት ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የእጅ ባለሙያዎችና አዳኞች የሚናገረው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፥ በነዚህ አገሮች በባለሙያው ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ክስ ጅብ ይሆናል የሚል ሳይሆን፥ ሳይታረድ የሞተ ከብት ይበላል የሚል ነው። በሰሜን ባለሙያው የጅብን አካል ለበሰ፤ በደቡብ የጅብን ማዕድ ተቀመጠ ተባለ። ክሱ ቢለያይም ፍርዱ አንድ ነው። ጀበናው ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ይገዛል፤ ከዚያች እጅ ግን አይበላም፤ ደጅ ቆማ ትነጋገራለች እንጂ ወደ ቤት አትገባም።

አሁን ወደ ጨዋታው መመለስ ይገባል። በቪዲዮ ጨዋታ ቀጥቃጭ የታመነ ሰው ነው። በ2011 በወጣው “ስካይሪም” ውስጥ፥ ተጫዋቹ ከሞት አምልጦ በሚደርስበት በመጀመሪያው መንደር፥ ብረት መቀጥቀጥን የሚያስተምረው ባለ ወናፍ አልቮር ነው። ቀጥቃጭ የሌለበት መንደር ለተጫዋቹ ጐደሎ ነው፤ ከእርሱ መግዛት፣ ከእርሱ መማር፣ እቤቱ መግባት ነውር የለበትም። ጅብ መሰሉ ግን ከመንደር ውጭ፥ በጐሬና በመንገድ ዳር ይኖራል፤ ሙያ የለውም፣ ጎረቤት የለውም፣ ሸጦም ገዝቶም አያውቅም። በኢትዮጵያ አንድ ሰው ይሸከመው የነበረው ሁለት ነገር፥ ማለት መፈለግና መፈራት፥ በጨዋታው ለሁለት ተከፈለ፤ መፈለጉ ለቀጥቃጩ፣ መፈራቱ ለኖል ደረሰ።

በዚህ መከፈል ምን ጠፋ ቢባል፥ የጠፋው ጎረቤትነት ነው። የቡዳ ነገር አስፈሪነቱም ግፉም የሚመጣው የተጠረጠረው ሰው የታወቀ በመሆኑ ነው፤ ማረሻ የሠራ፣ ምጣድ የሸጠ፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው ነው። ፕሊኒዮስ እንኳ አውሬው የሰውን ስም ይጠራል ሲል ይህን ቅርበት ጠብቆታል። የዘመኑ ጨዋታ ግን ስም የሚጠራውን አውሬ ትቶ ዝም ብሎ የሚታረደውን መረጠ። የተረፈው እንግዲህ ያለ ጸጸት ለመግደል የተሰጠ ፈቃድ ብቻ ነው።

ለፍርድ ትክክለኛነት ግን “ባልደርስ ጌት 3” ብቻውን ሊመዘን ይገባዋል፤ ከሌሎቹ ይልቅ የታሰበበት ሥራ ነውና። በዚህ ጨዋታ ዳሞን የተባለው ቀጥቃጭ ቀንዳም ከሆኑት ከቲፍሊንጎች ወገን ነው፤ እነርሱም በትውልዳቸው የተጠሉ፣ ከከተማቸው የተባረሩ ስደተኞች ናቸው። ደራሲዎቹ ሳያውቁት፥ የተናቀውን ወገንና ባለ ወናፉን በአንድ ሰው አገናኝተዋል፤ ይህም ከኢትዮጵያው ኑሮ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ተጫዋቹም ለቲፍሊንጎች እንዲራራ በብዙ መንገድ ይጠየቃል። ነገር ግን ይኸው ጨዋታ፥ የኖሎቹን አለቃ በአሳብ ኀይል አስገድዶ የራሷን ወገኖች እንድትበላ፣ በመጨረሻም ራሷን እንድትበላ ለማድረግ ለተጫዋቹ ምርጫ ይሰጠዋል፤ ይህም እንደ ብልኀት ይቈጠራል። አንዱን የተናቀ ወገን የሚያስከብር እጅ ሌላውን በረኀቡ ይቀልድበታል። በወላይታ በሸክላ ሠሪው ላይ የተነገረው ሐሜት “የማይበላውን ይበላል” የሚል መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ሥፍራ ቀልድነቱ ይቀርበታል።

ለዚህ የሚቀርብ መልስ አለ። ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ኖል የማንም ሕዝብ ምሳሌ አይደለም፤ ተረታችንም ቢሆን ጅብን ሆዳምና ሞኝ አድርጎ ሲስቅበት ኖሯል ሊባል ይቻላል። መልሱ በከፊል እውነት ነው። ኖልን የፈጠሩት አሜሪካውያን ስለ ጠይብም ሆነ ስለ ጭናሻ ለማለት ያሰቡት ነገር የለም፤ ጨዋታውን የተጫወተ ወጣትም በዚህ ምክንያት ሸክላ ሠሪ ይንቃል ብሎ መናገር ያለ ማስረጃ መፍረድ ነው። ነገር ግን በተረት ያለው ጅብ ጅብ ነው፤ ከአህያና ከጦጣ ጋር ይሟገታል፣ ይታለላል፣ ይመለሳል። ኖል ግን ልብስ የለበሰ፣ መሣሪያ የያዘ፣ አለቃ ያለው ሕዝብ ነው፤ ሕዝብ ሆኖ ሳለ ከእናቱ ማሕፀን ክፉ ነው ይባላል። በትውልድ ክፉ የሆነ ሕዝብ አለ የሚለው አሳብ ነው እንጂ ጅቡ አይደለም የሚነቀፈው። ይህን ባለቤቶቹም አስተውለውታል፤ የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ አሳታሚ በ2020 ኦርክንና የመሰሉትን ሕዝቦች በተፈጥሮ ክፉ አድርጎ ከማቅረብ እንደሚመለስ አስታውቋል። በ2025 በወጣው የአራዊት መጽሐፍ ግን ኖል ከሰው መሰሎች መዝገብ ወጥቶ ከአጋንንት ወገን ተመደበ። ሕዝብ ነው ተብሎ ከሚከራከሩለት ሕዝብ አይደለም ብሎ መዝጋቱ ቀለለ። በኢትዮጵያም “ሰው አይደለም፥ ቡዳ ነው” የሚለው ቃል ይሠራ የነበረው ይህንኑ ሥራ ነው።

በዚህ አገር ነገሩ በአዋጅ ተሞክሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት የእጅ ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አወጡ፤ የ1967 ዓመተ ምሕረቱ የመሬት አዋጅም በደቡብ ብዙ ባለሙያዎች የእርሻ መሬት እንዲያገኙ በር ከፈተ። አዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ስድቡ የቆመበትን ሥዕል ከልብ ለማውጣት ግን ሌላ ሥዕል ያስፈልጋል። ይህን ሥዕል ለመሥራት የሚችሉት ደግሞ ዛሬ ጨዋታ የሚያዘጋጁት ኢትዮጵያውያን ናቸው። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ በ2018 ያወጣው “ኩኩሉ” ስሙን ከድብብቆሽ ጨዋታ ጥሪ ወስዶ፥ ከአሳዳጅዋ የምታመልጠውን ዶሮ ባለ ታሪክ አድርጓል። ነገሩ ለሣቅ የተሠራ ቢሆንም አንድ ቁም ነገር ይዟል፤ ተጫዋቹ የሚሮጠው ከሚታደነው ጋር ነው።

ቡዳ ወደ ኢትዮጵያ ጨዋታ መግባቱ አይቀርም፤ አስፈሪ፣ ለሥዕል የሚመች፣ ሁሉም የሚያውቀው ነውና። የሚገባውም እንደ ኖል ከሆነ፥ ማለት በጫካ ቆሞ ሰይፍ የሚጠብቅ ጅብ ራስ ከሆነ፥ ከውጭ የተቀዳ ዕቃ በአገር ስም ተሸጠ ማለት ነው፤ በበዴሳ ገበያ ከጀበናዋ አጠገብ ለተቀመጠችውም ሴት አሮጌው ሐሜት በአዲስ መስተዋት ተመለሰባት ማለት ነው። እንደ ኢትዮጵያው ኑሮ ከሆነ ግን፥ ተጫዋቹ ቀን ማረሻውን ያሠራው ሰው ሌሊት ጅብ ነው ተብሎ ሲከሰስ ይሰማል፤ ጉትቻውም እንደ ማስረጃ ይቀርብለታል፤ ማመን ወይም አለማመን ግን የእርሱ ፈንታ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጨዋታ የሚፈትነው የእጅን ፍጥነት አይደለም፤ ፍርድን ነው።