አሮጌውን ዕቃ የሚያሳይ መካኒክ

3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ መኪና በየኩርባው ፍሬን ይረገጥበታል፤ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ እየዋለ ሲያድርም ይሳሳል። ጎማው ካልወለቀ ግን ሸራው አይታይምና ባለመኪናው የሚከፍለው በእምነት ነው። ጥሩ ጋራዥ የሚመሰገነውም ይህን እምነት መበዝበዝ እየቻለ ሳያደርገው ሲቀር ነው፦ ጎማውን አውልቆ የሳሳውን ያሳያል፣ ሥራ ሳይጀምር ዋጋ ይናገራል፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ ሸራው ደህና ከሆነም «ይሄ ገና ያስኬድዎታል» ብሎ ይሸኛል።

«አላፊ አግዳሚ ነገ ላይመለስ ታማኝነት ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። መስመሩ ግን የአዲስ አበባና የደሴ ነው፤ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌሮች ይመላለሱበታል፣ ምሳ ላይም የጋራዥ ወሬ ይቀባበላሉ። ማሳየት ጊዜ ይፈጃል ቢባልም፣ በሒሳብ መጨቃጨቅ የባሰ ይፈጃል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታጁራና የሐረር ሲራራ ነጋዴዎች ይገናኙባት የነበረችው የገበያ ከተማ አሊዩ አምባም የገነነችው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሊገበያይባት ስለቻለ ነው። የማያውቀውን መንገደኛ እንደ ደንበኛው የሚያስተናግድ መካኒክ የሚጠብቀው ኪስን ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም ነውና ምስጋናው ይገባዋል።