«የሰንበት መንገድ» ሸክም ነበርን?

የሐዋርያት ሥራ 1፥12ን የሚያብራራ ስብከት ቢሰሙ ወይም የማጥኛ ጽሑፍ ቢያነቡ፣ «የሰንበት መንገድ» ስለሚለው ሐረግ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ያገኛሉ። አንደኛው ቍጥር ነው፤ 2000 ክንድ፣ ማለትም ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት። ሁለተኛው ፍርድ ነው፤ ፈሪሳውያን የሰውን እርምጃ እየቈጠሩ ሕዝቡን አስጨነቁት የሚል። ቍጥሩ ደኅና ነው። ፍርዱ ግን ሕጉ ሳይነበብ የተሰጠ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚሟገተው ከእርሱ ጋር ነው። የአይሁድን ሕግ በሌለው መልክ ስንሥለው፣ ጌታችን ከፈሪሳውያን ጋር የተከራከረበት እውነተኛ ጕዳይ ከእጃችን ያመልጣል።

ከመነሻው እንጀምር። ዘጸአት 16፥29 በሰባተኛው ቀን ሰው ከስፍራው እንዳይወጣ ያዝዛል። ትእዛዙ ስለ መና መሰብሰብ የተሰጠ ነው፤ ክንድም ገደብም አልተጠቀሰበትም። «ስፍራ» ድንኳን ነው? ሰፈር ነው? ወይስ ከተማ? ረቢዎቹ መልሱን ከዘኍልቁ 35 አመጡ፤ በዚያ በሌዋውያን ከተሞች ዙሪያ የሚለካው መሬት በቍጥር 4 ላይ 1000፣ በቍጥር 5 ላይ 2000 ክንድ ተብሏል። ታልሙድ ክፍሎቹን የሚያያይዘው በቃላት ሰንሰለት ነው። የዘጸአት 16 «ስፍራ» ነፍሰ ገዳይ ወደሚሸሽበት «ስፍራ» (ዘጸአት 21፥13) ይወስዳል፤ ሽሽቱ ወደ መማፀኛ ከተማ ዳርቻ፣ ዳርቻው ደግሞ ከከተማ ውጭ ወደሚለካው 2000 ክንድ። የትርጓሜ ትምህርት ተማሪ እንዲህ ያለ ሥራ ቢያቀርብ ቀይ ቀለም ይበዛበታል፤ ሊበዛበትም ይገባል። ሊቃውንቱ ራሳቸውም አልተስማሙም። በሚሽና፣ ሶጣ 5፥3፣ ረቢ አቂባ 2000ውን የሰንበት ወሰን ሲለው፣ የገሊላዊው የረቢ ዮሴ ልጅ ረቢ ኤሊዔዘር ግን የእርሻና የወይን ቦታ ነው ይላል።

ሕጉ ከመጽሐፍ የወጣበትን መንገድ መተቸት እንግዲህ አያስቸግርም። ቍጥሩ ከተያዘ በኋላ ምን ተሠራበት የሚለውን ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። መልሱ ኤሩቪን በተባለው የሚሽና ክፍል ይገኛል። ሚሽና የተጠናቀረው እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ስለሆነ፣ ያለበትን ሁሉ ወደ ጌታ ዘመን መመለስ እንደማይገባ እያስታወስን እናንብበው።

2000ው ክንድ የሚጀምረው ከቤትዎ ደጃፍ ሳይሆን ከከተማው ጠርዝ ነው። ከተማው የቱንም ያህል ቢሰፋ ከዳር እስከ ዳር መሄድ ይቻላል፤ ከልኩም አይቀነስም። ጠርዙስ የት ነው? አንዱ ቤት ወደ ውጭ ወጣ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ገባ ቢል፣ መስመሩ የሚሳበው በወጣው በኩል ነው። ወሰኑም እንደ ሰሌዳ አራት ማዕዘን ሆኖ ስለሚሰመር፣ ወደ ማዕዘኑ የሚሄድ ሰው 2800 ክንድ ገደማ ያገኛል። ረቢ ሜኢር ደግሞ ልኬቱ ሳይጀመር ለከተማው 70 ክንድ ከሁለት ሦስተኛ ይጨመርለት ይላል። (ይህ ክፍልፋይ ከየት መጣ ቢሉ፣ የመገናኛው ድንኳን አደባባይ 100 በ50 ክንድ ነበር፤ ያው ስፋት እኩል ጎን ባለው አራት ማዕዘን ቢሰፈር ጎኑ ያን ያህል ይሆናል።) ለኪው የ50 ክንድ ገመድ ይይዛል፤ ሸለቆ ቢያጋጥመው ገመዱን በላዩ ይዘረጋል እንጂ ቍልቍለቱንና ዳገቱን አይለካም። ልኬቱ በአንድ በኩል በዝቶ በሌላው ቢያንስ የሚጸናው የበዛው ነው። ወሰኑ እስከዚህ ነው ብሎ ባሪያ ወይም ገረድ ቢመሰክር እንኳ ይታመናል፤ ሚሽናው የሚሰጠው ምክንያትም ሊቃውንቱ ይህን የደነገጉት ለማቅለል እንጂ ለማጥበቅ አለመሆኑ ነው። ይህን ከመድረክ የሰማ ማን ነው?

ከዚህ ቀጥሎ «ማታለያ» እየተባለ የሚነቀፈው ኤሩቭ ይመጣል። ዓርብ ሳይመሽ ለሁለት ማዕድ የሚበቃ ምግብ በወሰኑ ጫፍ ያኖረ ሰው፣ የሰንበት ማደሪያው እዚያ እንደሆነ ይቈጠርለታል። ከዚያ ወዲያ ሌላ 2000 ክንድ ይፈቀድለታል፤ በተቃራኒው አቅጣጫ ግን ያንኑ ያህል ያጣል። ማታለያ ቢሆን ኖሮ ኪሳራው ምን ያደርግ ነበር? ለምን እንደሚደረግም ልብ ይበሉ። የምዕራፍ 8 ምሳሌ ወደ ለቅሶ ቤት ወይም ወደ ግብዣ ቤት የሚሄድ ሰው ነው፤ አንድ ሰው ለመንደርተኛው ሁሉ ምግቡን ሊያኖርለት ይችላል። ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ እኛ፣ ይህን ለመረዳት ከሌላው መቅደም ነበረብን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ቦታ፣ ሮሽ ሃሻና 2፥5 ላይ ያለው ነው። አዲስ ጨረቃ ያዩ ሰዎች ለመመስከር በሰንበትም ቢሆን ወሰን አልፈው ወደ ኢየሩሳሌም ይመጡ ነበር። ቀድሞ እነዚህ ምስክሮች ከተሰበሰቡበት ግቢ ቀኑን ሙሉ አይንቀሳቀሱም ነበር፤ ሽማግሌው ረባን ገማልያል ግን በየአቅጣጫው 2000 ክንድ እንዲሄዱ ደነገገ። ለምስክሮቹ ብቻ አይደለም። ልታዋልድ የመጣች አዋላጅ፣ ከእሳት፣ ከጦር፣ ከወንዝ ወይም ከፍርስራሽ ሰው ሊያድኑ የመጡም በደረሱበት እንደ ከተማው ሰዎች ይቈጠራሉ። ይህ ገማልያል በሐዋርያት ሥራ 5፥34 በሸንጎ ተነሥቶ የተናገረው፣ በ22፥3 ጳውሎስ በእግሩ ሥር ተማርሁ የሚለው መምህር ነው። ሚሽናው በትክክል ካስታወሰው፣ የሰንበትን ወሰን ለአዋላጅ ያሰፋው ሰውና ለሐዋርያት ጊዜ ይሰጣቸው ያለው ሰው አንድ ናቸው።

ጥብቅ ሕግ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ። ቅጂዎቹ በኩምራን ዋሻዎች የተገኙት የደማስቆ ሰነድ በሰንበት ከከተማ ውጭ 1000 ክንድ ብቻ ይፈቅዳል፤ 2000ው ከብቱን ለግጦሽ ለሚከተል ሰው ነው። በግእዝ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀልን መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ በምዕራፍ 50 በሰንበት መንገድ የሚሄደውን በሞት ያስቀጣል፤ የክንድ ልክም አይሰጥም። ቤተ እስራኤል ሚሽናና ታልሙድ ሳይደርሷቸው ሰንበትን ሲጠብቁ የኖሩት ኩፋሌን ይዘው ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ «የአይሁድ ሰንበት» ሲባል በልቡ የሚመጣበት ሥዕል ከኩፋሌ የተቀዳ ይመስለኛል፤ ከዚያም ሳናስተውል ለፈሪሳውያን እናለብሳቸዋለን።

ታዲያ ጌታ የተከራከረው በምን ነበር? ማርቆስ 2፥23ን ያንብቡ። ደቀ መዛሙርቱ በሰንበት በእርሻ መካከል ይሄዳሉ፤ ፈሪሳውያንም እዚያው አሉ። ክሱ እሸት ስለ መቅጠፍ ነው፤ ስለ መራመድ አንድ ቃል የለም። በዮሐንስ 5 ክሱ አልጋ ስለ መሸከም፣ በሉቃስ 13 ስለ መፈወስ ነው። በአራቱም ወንጌላት ጌታ ወይም ደቀ መዛሙርቱ የሰንበትን ወሰን አለፉ ተብለው የተከሰሱበት ስፍራ አይገኝም። ማቅለሉንማ ከሳሾቹም ያውቁበት ነበር፤ ጌታ የተናገረው የሰው ልጅ የሰንበት ጌታ መሆኑን ነው (2፥28)። ስብከታችን ጕዳዩን «ጥብቅ ወይስ ልል» ወደሚል ክርክር ሲያወርደው፣ ክርስቶስን ከገማልያል በጥቂቱ የሚቸር ረቢ ያደርገዋል። የሥልጣኑ ጥያቄ ይጠፋል።

ወደ ሉቃስ ስንመለስ፣ በሐዋርያት ሥራ 1፥12 ማንም አልተጨነቀም። ዕርገቱ ከትንሣኤ እሑድ ተቈጥሮ በአርባኛው ቀን ከሆነ ሐሙስ ነው፤ ሰንበት አይደለም። ሉቃስ ሐረጉን የተጠቀመበት ለርቀት መለኪያ ብቻ ነው። ጆሴፈስም ደብረ ዘይትን ከከተማዋ በአንድ መጽሐፉ አምስት፣ በሌላው ስድስት ምዕራፍ ያርቀዋል፤ አምስቱ ከ2000 ክንድ ብዙ አይለይም።

ማቴዎስ 24፥20 ግን ከበድ ይላል። ማርቆስ 13፥18 ሽሽቱ በክረምት እንዳይሆን ሲል፣ ማቴዎስ ሰንበትን ይጨምራል። የተለመደው ማብራሪያ 2000ውን ክንድ ይጠራል። ይህ አያስኬድም። ስለ ሕይወት የሚሸሽን ሰው ያ ወሰን አያግደውም ነበር፤ በአንደኛ መቃብያን 2 (በግሪኩ ማለቴ ነው፣ በግእዙ አይደለም) አንድ ሺህ ያህል ሰዎች በሰንበት ሳይከላከሉ ካለቁ በኋላ፣ ማታትያስና ወገኖቹ በሰንበትም ለመዋጋት ወስነዋል። አንዳንዶች የከተማ በሮች መዘጋታቸውን፣ ስንቅ የሚሸጥ መጥፋቱን ያነሣሉ። እኔ ግን ወደ አንባቢዎቹ አዘነብላለሁ፦ ማቴዎስ ቃሉን የጨመረው፣ ሕጉ ቢፈቅድላቸው እንኳ በሰንበት ለመሸሽ ኅሊናቸው የሚከብድባቸው አማኞች በጉባኤው ስለነበሩ ነው።