ከላቦራቶሪው በፊት ሜትር

ከአንጎል ሥር ያለችው የፒቱይታሪ ዕጢ የአተር ፍሬ ታህላለች፤ ነገር ግን እባጭ በቅሎባት ሆርሞን ከመጠን በላይ ስታመነጭ የወጣቱን መላ ሰውነት ትለውጣለች። የምንተቸው ምርመራው ከሜትር ሳይሆን ከላቦራቶሪ መጀመሩን ነው።

አየርላንዳዊው ግዙፍ ቻርልስ በርን በለንደን በገንዘብ ለትርኢት ይታይ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1783 ዓ.ም. በ22 ዓመቱ ሞተ። ቁመቱን ሁሉ አየ፤ ምክንያቱን ግን ማንም አላወቀም። የራስ ቅሉ ተከፍቶ የዕጢዋ ማደሪያ ሰፍቶ የተገኘው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ ምክንያቱ ታውቋል፤ ቁመት መለካቱ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የእድገት ሆርሞን በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል አንድ ጊዜ የተቀዳ ደም ብቻውን አይፈርድም። ስለዚህ ግሉኮስ ከተጠጣ በኋላ ሆርሞኑ መውረዱ ይመረመራል፤ ሆኖም በጉርምስና ጊዜ በጤነኛም ላይ እንደ አዋቂ ላይወርድ ይችላል። በኩሺንግ በሽታም ልጁ እየወፈረ ሳለ የቁመቱ እድገት ይዘገያል፤ በተራ ውፍረት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይዘገይም። ሚዛንን ብቻ የሚያይ ሐኪም ይህ ልዩነት ያመልጠዋል።

እንግዲህ በየጊዜው የተመዘገበ ቁመት ከሌለ የላቦራቶሪው ቁጥር ምስክር ያጣል። ከሁሉ የረከሰው መሣሪያ ከሁሉ ይቅደም እንላለን።