የጠልሰም ዓይንና የሥዕል ትምህርት

የአገራችን ልዩ ልዩ ክፍሎች የቈየ ጥበብ በዘመናዊው የሥዕል ትምህርት ውስጥ ይግባ የሚለውን አሳብ ብዙ ሰው ይቀበለዋል። ክርክሩ ያለው እንዴት ይግባ በሚለው ላይ ነው።

ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ከ1966 እስከ 1969 (እ.ኤ.አ.) በዚያ ያስተማሩት እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ የደብተራውን ጠልሰም ከአዲሱ ሥዕል ጋራ አገናኙት። ከዚያ ወዲህ የጠልሰም ዓይንና የፊደል ቅርጽ በዐውደ ርእይ ላይ የተለመዱ ሆነዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ ሥዕሎች ከክታቡ የወሰዱት መልኩን እንጂ አሠራሩን አይደለም ብለን እናምናለን።

ደብተራው ክታብ ሲሠራ የብራናውን ቁራጮች ሰፍቶ ርዝመቱን ከባለቤቱ ቁመት ጋራ ያስተካክላል፤ በጸሎቱም መካከል የክርስትና ስሙን ያገባል። አፍጥጦ የሚያየው ዓይንም የሚሣለው ክፉ መንፈስን ለማባረር ነው። ልኩ፣ ቁሱና ዓላማው አንድ ላይ የሚወሰኑ ናቸውና ይህ ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ በተደረደሩ የቀርከሃ ስንጥቆች ላይ መሣላቸው ነገሩን በሚገባ መረዳታቸውን ያሳያል፤ ከዓይኑ ይልቅ የክታቡን ቀጭን ቁመት አስበዋልና።

ሁለተኛው ጉድለት ባህል ሲባል የሰሜኑ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብቻ መታሰቡ ነው። የሐረሪ ሴቶች ስፌት ከመሐል ጀምሮ በክብ እየዞረ ስለሚያድግ ጥለቱ የሚጠበቀው በቍጥር ነው። በኮንሶ ለጀግና መታሰቢያ የሚተከለው ዋካ ከሚስቶቹና ከገደላቸው ጠላቶች ምስል ጋራ ይቆማል፤ አንዱን ነጥሎ ለንድፍ የሚያቀርብ መምህር ታሪኩን ይቈርጠዋል።

ክታብ የሃይማኖትና የፈውስ ነገር ስለ ሆነ ለክፍል አይገባም የሚሉ አሉ። እኛም ተማሪው ክታብ ይጻፍ አንልም፤ ብራና መፋቅንና ልክ ማውጣትን ይማር እንላለን። የሰውን አካል እያዩ መንደፍም ይቅር አላልንም።

የምንጠይቀው ብራና ፋቂው፣ ስፌት ሰፊዋና እንጨት ጠራቢው በየስማቸው ተጠርተው፣ ተገቢው ደመወዝ ተከፍሏቸው መምህራን ሆነው ወደ ክፍል እንዲገቡ ነው። ያለ እነርሱ ተማሪው የሚቀዳው ከፎቶግራፍ ነው፤ ከፎቶግራፍ ደግሞ የስፌቱ ቍጥርም ሆነ የብራናው አሠራር አይገኝም።